የፀሐዩ ክላክስ

ወይዘሮ የሺሐረግ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ጥቁር የሚለብሱት በሰው ቤት ነው።

ጠዋት አበባ የተረጨበት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥለት ያላትን ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዘንቢል አንጠልጥለው ከግቢያቸው ይወጣሉ። ከቅያሱ ጫፍ ካለችው ከጎረቤታቸው ከአስካለች ቤት ሲደርሱ ግን ግራ ቀኝ ገልመጥ ብለው ይገባሉ፤ ከአልጋዋ ሥር ፌስታል ይጎትታሉ፤ ከውስጡ ከላቸውን ያወጣሉ። ተቀያይረው በጓሮ በር ይወጡና ሚኒባስ ይዘው ሳሪስ፣ እህታቸው ቤት ሄደው የሚያለቅሱትን ያለቅሳሉ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ያው በግልባጩ ነው። ከሉ ወደ ፌስታሉ፣ አበባው ወደ ገላቸው። ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ፤ አስካለች ዓይናቸውን እንደ ሐኪም መርምራ «አሁን ደህና ነሽ፣ ሂጂ» ስትላቸው ብቻ ወደ ቤታቸው ያቀናሉ። በስተርጅና ተዋናይ ሆኑ፤ ያውም ጭብጨባ የሌለው ትወና።

ይህ ሁሉ መከራ ገና ላልተወለደች አንዲት ፍጥረት ሲባል ነው።

ልጃቸው ፀሐዩ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ጅቡቲ ወርዶ ይጭናል፣ ቃሊቲ ያራግፋል፣ ደግሞ ይወርዳል። በሁለት ሺህ ዘጠኝ ኅዳር ላይ፣ ጭኖ ሲመለስ፣ ሚሌን እንዳለፈ መኪናው ተገለበጠና በዚያው ቀረ። ከባሏ ጋር በእናቷ ግቢ የምትኖረው እህቱ ዮዲ ያኔ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እርጉዝ ሴት ደግሞ መርዶ አይነገራትም። ይህን ማንም ስብሰባ ጠርቶ አይወስነውም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ ገዛ ስሙ ያውቀዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እናቲቱን «እህትሽን አሟታል» ብለው ንጋት ላይ ሳሪስ ወሰዷቸውና እዚያ አረዷቸው። ድንኳኑም እዚያው ተጣለ። የአቃቂ እድርተኛ በታክሲ እየተጫነ ሳሪስ ሄዶ ተቀመጠ። ዮዲ «ምነው ሰፈሩ እንዲህ ጭር አለ?» ብላ ስትጠይቅ «ሠርግ አለ፣ ሁሉም እዚያ ነው» አሏት። የነቢያት ጾም ገብቶ ማን እንደሚዳር ያሰበበት አልነበረም።

ወይዘሮ የሺሐረግ በዚህ ነገር ከሁሉም ይልቅ የከረሩት በምክንያት ነው። በሰማንያ ሦስት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ፣ ነፋስ ስልክ አጠገብ የነበረው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ንጋት ላይ ሲፈነዳ ዮዲ በሆዳቸው ነበረች። የቤታቸው መስኮት ረገፈ። ወለል ላይ ተደፍተው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ሰማይ የተቀደደ መስሏቸው ዋሉ። በጥቅምት የተወለደችው ልጅ ክዳን ሲወድቅ የምትነጥር፣ በር ሲንኳኳ ፊቷ አመድ የሚመስል ሆነች። አድጋም አልተዋትም። ባሏ ኦላና ዛሬም ድረስ ከኋላዋ ሲመጣ አስቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ድንጋጤው ገብቶባት ነው» ይላሉ የሺሐረግ፤ ሰው ደግሞ ይስቅባቸዋል። እሳቸው ግን ፀሐዩን ቀብረው ከሳሪስ ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ መስታወት ተደግፈው፣ በልባቸው ማሉ። ልጄን ወስደህብኛል፣ የልጅ ልጄን ግን ድንጋጤ እንዲነካት አልፈቅድም፣ አሉ። ከማን ጋር እየተከራከሩ እንደሆነ ታውቋቸው ወዲያው አማተቡ። መሐላው ግን መሐላ ነው።

አንድ ያልታሰበ ችግር ነበር፤ ክላክሱ።

ቤታቸው ከደብረ ዘይት መንገድ ብዙም አይርቅም። ፀሐዩ በዚያ ባለፈ ቁጥር አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ክላክስ ማድረግ ልማዱ ነበር። እናቲቱ ያንን ሲሰሙ የያዙትን ጥለው፣ ሳሙና የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ በሃይላንድ የተበጠበጠ በሶ ይዘው ወደ አስፋልቱ ይሮጣሉ። እሱም ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከዚያ ከፍ ካለው መስኮት እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ይቀበላል። «እናትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ስኳር አብዝተሻል!» ይላል ገና ሳይቀምሰው። ይኸው ነው፤ ከደቂቃ አይበልጥም። ለዚህች ደቂቃ ሲባል ግን በዚያ ቤት በሶ ጠፍቶ አያውቅም።

እንግዲህ ክላክሱ ዝም ሲል ዮዲ መጠየቅ ጀመረች። «ፀሐዩ ምነው ጠፋ?» መጀመሪያ ወደብ ላይ ወረፋ ይዞ ነው ተባለች። ቀጥሎ ኢንተርኔት ስለተዘጋ ነው የማይደውለው ተባለች፤ ያ እንኳ ሰሞኑን ለማንም የሚሆን ሰበብ ነበር። ሰበቡ ሁሉ ሲያልቅ ኦላና አንድ መላ አመጣ። ኦላና ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነው። የፀሐዩ የልብ ጓደኛ ተክሌም የተሳቢ ሹፌር ነውና፣ በሰፈሩ ሲያልፍ ያችኑ ክላክስ ቢያደርግስ? አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ዮዲ ወንድሟ ያለፈ ይመስላታል፣ ልቧ ያርፋል፣ ፅንሱም ያርፋል።

ሐሳቡን የሰማ ሁሉ አደነቀ። አስካለች «ይሄ ሰውዬ ዝም ያለው ለካ ሲያስብ ነው!» አለች። ተክሌ ዓይኑ እንባ ሞልቶ እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ከአስፋልቱ በኩል ክላክሱ ይሰማል፤ «ፀሐዩ አለፈ፣ ቸኩሎ ነው» ይባላል፤ ዮዲም «ሆዳም፣ በሶውን ትቶ?» ብላ ፈገግ ትላለች። ወይዘሮ የሺሐረግ ያንን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ሁለት እጃቸውን ጨብጠው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እንባቸውን ያሸነፉ መስሏቸው በራሳቸው ይኮራሉ።

ልጅቷ በጥር ተወለደች። ዮዲ ገና ፊቷን እንዳየች «የአብስራ» ብላ ጠራቻት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ዶክተር መዓዛ የምትባል፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሐኪም ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የመጣች ናት፤ ጥናቷም የእናቶች ጭንቀት ሕፃናት ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። ዮዲን ቀደም ብላ አነጋግራ አስፈቅዳታለች። ልጅቷ እንደተወለደች መጥታ፣ ተቆርጦ ከሚጣለው እትብት ላይ ጥቂት ደም መቅዳት ስትጀምር ወይዘሮ የሺሐረግ ዘለው ተነሡ።

«ምንድነው እሱ? እትብት ይቀበራል እንጂ በብልቃጥ ይቀመጣል እንዴ?»

«እማማ፣ እኔ የምወስደው የሚጣለውን ነው። እሷ ላይ የቀረው እቤት ደርቆ ይወድቃል፤ እሱን እርስዎ ይቀብሩታል።»

«ደሙስ?»

«ደሙ ይናገራል» አለች መዓዛ ፈገግ ብላ። «ከእናቷ ጋር ሲያወሩ የከረሙትን።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ይህ አባባል ደስ አላላቸውም። የሚናገር ደም ሲፈልጉ አልነበረም፤ የሚፈልጉት ዝም የሚል ደም ነው።

እትብቱም በሳምንቱ ደርቆ ወደቀ፤ ከጓሮው ኮክ ሥር ቀበሩት። ልጅቷ ግን እንዳሰቡት አልሆነችም። ጡት ትጠባለች፣ ክብደት ትጨምራለች፣ ጤነኛ ናት። ማልቀስ ስትጀምር ግን መጨረሻ የላትም። ሌሎች ሕፃናት ለቅሷቸውን በሆነ ቦታ ላይ ይረሱታል፤ የአብስራ አትረሳም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ አያትየዋ ሲያቅፏት ነው። እናቷ ስትይዛት ቆይታ ቆይታ ትረግባለች፤ አባቷ ሲይዛት ትረግባለች፤ አስካለች እንኳ፣ ያንን ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ይዛ፣ ስታቅፋት ትረግባለች። ወይዘሮ የሺሐረግ ሲያቅፏት እንደ ዱላ ትገተራለች። ስንት ልጅ አሳድገዋል፣ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ አዝለው አስተኝተዋል፤ የገዛ የልጅ ልጃቸው ግን ክንዳቸውን እምቢ አለች። አንድ ቀን ሳሪስ ለልጃቸው ሊያለቅሱ ሄደው ለዚህ አልቅሰው ተመለሱ።

«ሁሉን ሸሽገንላት፣ ምን ጎድሎባት ነው?» አሉ ለአስካለች፣ ከላቸውን እያወለቁ።

አስካለችም ከሉን ተቀብላ ወደ ፌስታሉ ከተተችው።

የአርባ አምስት ቀን ክትባት ደረሰ። አያት፣ እናትና ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዶክተር መዓዛ ከመርፌው በፊት በትንሽ ጥጥ ከልጅቷ አፍ ምራቅ ወሰደች። መርፌው ተወጋ፤ የአብስራ ጮኸች። አጠገባቸው አንዲት እናት ያቀፈችው ወንድ ልጅም ተወግቶ ጮኸ፤ ወዲያው ጡት ጎርሶ ዓለሙን ረሳ። የአብስራ ቀጠለች። ሌላ ሕፃን ገባ፣ ተወጋ፣ አለቀሰ፣ ዝም አለ፣ ወጣ። የአብስራ ቀጠለች። መዓዛ ቆይታ መጥታ ሌላ ምራቅ ወሰደች፤ ልጅቷ አሁንም በልቅሶ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር።

ወይዘሮ የሺሐረግ አልቻሉም። «ዶክተር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ምራቋስ ምን ይሠራልሻል?»

መዓዛ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መቸኮል የማታውቅ ሴት ነበረች።

«ሰው ሲደነግጥ እማማ፣ ሰውነቱ ለመሮጥ፣ ለመታገል የሚያዘጋጀውን ነገር በደሙ ይረጫል። አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ‹በቃ፣ አልፏል› የሚል አለ በውስጣችን። እሱን የሚሠሩ ጂኖች አሉን። ምራቋን የማየው ያ ‹በቃ› የሚለው ቶሎ መጣላት ወይስ ዘገየባት የሚለውን ለማወቅ ነው።»

«ጂን ማለት ያ የዘሩ ነገር?»

«እሱ ነው። እቤትዎ መብራት አለ አይደል?»

«አንዳንዴ።»

መዓዛ ሳቀች። «ሲኖር ማለቴ ነው። ሽቦው አንዴ ግድግዳ ውስጥ ከተዘረጋ አይለወጥም። ማብሪያ ማጥፊያው ግን እንደ ነዋሪው ነው፤ አንዱ ክፍል ይበራል፣ አንዱ ይጠፋል። ልጅም ሽቦውን ከእናትና ከአባቷ ይዛ ትመጣለች። የትኛው ይብራ፣ የትኛው ይጥፋ የሚለውን ግን ገና በሆድ ሳለች የእናቷን ደም እያዳመጠች ማስተካከል ትጀምራለች። በጂኑ ላይ ትንሽ ምልክት ትለጠፋለች፤ ያቺ ምልክት የተለጠፈበት ጂን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደሙ ጭንቀት ካበዛ ‹የምሄድበት አገር አስጊ ነው፣ ነቅቼ ልግባ› ያለች ያህል ነው። ‹በቃ› የሚለውን ዝቅ ታደርገዋለች።»

«ሳትወለድ?»

«ሳትወለድ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ የአብስራን ተመለከቷት። ይህቺ ጣቷ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ፍጥረት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ የማታየውን ዓለም በእናቷ ደም እያጣራች ስትሰናዳ ታየቻቸው። ማን አስተማራት? ሰማንያ ሦስትም ትዝ አላቸው። ያ ወለል፣ ያ የረገፈ መስታወት። «እኔ አላልኳችሁም?» ሊሉ ፈልገው ተዉት። ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ይቺ፣ ዮዲ፣ ሆዴ ውስጥ ሆና ያ ግምጃ ቤት ሲፈነዳ እኔ አቃቂ ነበርኩ።»

መዓዛ አሰብ አደረገች። «በስንተኛ ወርዎ?»

«አምስተኛዬን ይዤ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሴት ልጅ ወደፊት የምትወልዳቸው ልጆች የሚሠሩበት እንቁላል የሚበጀው ገና እሷ ራሷ እናቷ ሆድ ሳለች ነው። በአምስት ወሯ እንቁላሎቿ ሁሉ አሉ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ገባቸውና እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ታዲያ ይቺም… ያን ለት እዚያ ነበረች ማለት ነው?»

«ግማሿ ነበረች» አለች መዓዛ። «እርስዎ ሆድዎን ሲያቅፉ ሁለቱንም ነው ያቀፉት።»

 ወይዘሮ የሺሐረግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አድርጓቸው አያውቅም። ፀጉራቸው ሥር ድረስ ውርር አላቸው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «ያን ቀን እኔና ልጄ» እያሉ ሲያወሩ፣ ለካ ሦስት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ከመወለዷ በፊት፣ እናቷም ከመወለዷ በፊት፣ ወለል ላይ ተደፍተው በሁለት እጃቸው ይዘዋት ነበር። እግዚአብሔር ይሄን ሁሉ ሲሠራ ለማን ነገረ?

ቀጥሎ የተናገረችው ዮዲ ናት። ልጇን እያወዛወዘች፣ ቀና ሳትል፣ «ይመለሳል?» አለች።

«ምኑ?»

«ዝቅ ያለው። ከተወለደች በኋላ ይመለሳል ወይ?»

«ምስማር አልተመታበትም» አለች መዓዛ። «ከተወለደችም በኋላ ማዳመጧን አታቆምም። የሚያቅፋትን ሰው ታዳምጣለች፣ የቤቱን ትንፋሽ ታዳምጣለች፣ እንደዚያው ታስተካክላለች። ግን ስለ አንዲት ልጅ ለይቼ ልናገር አልችልም፤ እኔ የማየው የብዙ ሕፃናትን አንድ ላይ ነው፤ ካወቅነው ያላወቅነው ይበልጣል። የአብስራ ጤነኛ ናት። ማንም ጥፋተኛ አይደለም። እሺ ዮዲ?» ትንሽ ቆይታ ጠየቀች። «በእርግዝናሽ ጊዜ ከባድ ሐዘን ወይ ድንጋጤ ነበረብሽ?»

ዮዲ የልጇን ፎጣ አስተካከለች። «የለም» አለች። «ደህና ነበርኩ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ሲወጡ አንድ ነገር የረሱ መስለው ብቻቸውን ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፀሐዩን ነገሯት። ሳሪስን፣ ፌስታሉን፣ ክላክሱን ሁሉ። የመዓዛ መነጽር በእንፋሎት ደበዘዘ፤ አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው።

«እኔ መርዶ መቼ እንደሚነገር ለእርስዎ አላስተምርም» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብቻ። የት ነው የሚያለቅሱት?»

«ሳሪስ።»

«እቤትዎስ?»

«እቤቴማ አራስ አለች!»

 መዓዛ እጃቸውን ያዘች፤ ያዘችና ጭብጥ ብሎ አገኘችው። ቀስ ብላ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ወይዘሮ የሺሐረግ እጃቸው ተጨብጦ እንደነበር እንኳ አላወቁም ነበር።

በዚያው ሳምንት አስካለች ቤት ምክክር ተደረገ። ክርስትናዋ ይለፍ፣ ከዚያ ይነገራታል ተባለ። ኦላናም ተስማማ። እስከዚያ ግን ተክሌ ክላክሱን ይቀጥል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዮዲ በረንዳው ላይ ወጥታ ልጇን ጭኗ ላይ አጋድማ ፀሐይ ታሞቃለች፤ ወይዘሮ የሺሐረግ ከጎኗ ሆነው የልጅቷን እግር ቫዝሊን ይቀባሉ። ከአስፋልቱ በኩል መኪናው ሁሉ ይንጫጫል፤ ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ፣ ረዳቱ፣ ባጃጁ። የአብስራ ግን ደንታም አልሰጣት። እጇን ዘርግታ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ የኮኩን ቅጠል ታያለች።

ያኔ ክላክሱ ተሰማ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

የልጅቷ ሁለት እጆች ባንድ ጊዜ ተጨበጡ። ደረቷ ቆመ። አላለቀሰችም፤ ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ የምትጠብቀው ነገር እንዳለ ሁሉ ድርቅ አለች። ወይዘሮ የሺሐረግ ደነገጡ። ይህን አያያዝ የት እንዳዩት ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ ዝቅ ብለው የገዛ እጃቸውን አዩ። ቫዝሊን እንደነካ ተጨብጧል። ቀና ብለው የዮዲን እጅ አዩ። የዮዲም እጅ የልጇን ፎጣ ጨብጦ፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። የዮዲም ደረት አይንቀሳቀስም።

ሦስት ሴቶች፣ አንድ ዓይነት ጭብጥ።

ክላክሱ አለፈ። ሦስቱም ተነፈሱ፤ ትንሿ ከሁሉም ዘግይታ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

«እማዬ» አለች ዮዲ።

«ወዬ።»

«ለተክሌ ንገሪልኝ። ከዛሬ ወዲያ ይተወው።»

ወይዘሮ የሺሐረግ አፋቸው የለመደውን ሊል ተንቀሳቀሰ። «የምን ተክሌ? ፀሐዩ እኮ ነው ያለፈው፣ ቸኩሎ…»

«እማዬ።»

 ስንት ወር የተሸከሙት ግድግዳ በአንዲት ቃል ወረደ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ፣ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ተክሌ መጀመሪያ ክላክስ ያደረገ ቀን። ከልቤ ነበር ደስ ያለኝ። ‹መጣ!› ብዬ ዞር አልኩ፣ በሶ ይዘሽ ስትሮጪ ላይሽ። አንቺ ተቀምጠሻል።» ዮዲ እንባዋን አልጠረገችውም። «ፀሐዩ ክላክስ አድርጎ አንቺ ተቀምጠሽ? ያቺን ክላክስ ከእሱ ሌላ የሚያውቃት ሹፌር ተክሌ ብቻ ነው። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እሷም ሆዴ ውስጥ ድርቅ አለች። አብረን ነው የሰማነው።»

«ታዲያ ምነው ልጄ? ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺ ለእኔ ብለሽ ቻልሽው። ታጥበሽ፣ አበባ ለብሰሽ ስትገቢ አይሻለሁ። ካወቅኩ ያ ሁሉ ድካምሽ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እኔም ለአንቺ ብዬ ቻልኩት። ውሃ በመጣ ቀን ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ባልመጣ ቀን ነጠላዬን ነክሼ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ክው ብለው ቀሩ። ጥቁሩን ሸሽገዋል፣ ድንኳኑን ሸሽገዋል፣ የሰፈሩን አንደበት ሁሉ ዘግተዋል። የገዛ ጉልበታቸው፣ መነሣት የነበረበት ጉልበታቸው፣ ሲያወራባቸው ግን አላዩም። ልጅቷን ከአንድ መርዶ እናድናለን ብለው፣ ያንኑ መርዶ በየጊዜው በክላክስ ሲያረዷት ከርመዋል። እሷም ተሰናድታ መጣች። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ሲሰማ እናቷ የምትሆነውን፣ አያቷ የሚሆኑትን፣ ማንም አንዲት ቃል ሳይነግራት በእጇና በደረቷ ይዛ ተወለደች። ይህን ሁሉ የሰሙት ጆሮዎች ከባቄላ ፍሬ የማይበልጡ ነበሩ። ወይዘሮ የሺሐረግ ሐዘኑ ሳይሆን ግርማው ነው መጀመሪያ የጣላቸው፤ ተንበርክከው የልጅቷን ጭብጥ እጅ ሳሙ።

ከዚያ በገዛ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሙን ጠሩ።

«ፀሐዬ!»

ዮዲም ተቀበለች። «ወንድሜ! ወንድምዬ!»

ያ ድምፅ ቅያሱን ሁሉ አዳረሰ። አስካለች ከቤቷ ሮጣ ወጣች፤ ግማሽ መንገድ ደርሳ ነገሩ ገባትና ተመልሳ ፌስታሉን አንስታ መጣች። ወይዘሮ የሺሐረግ በአበባው ቀሚስ ላይ ከሉን ደረቡት። ጎረቤቱ እየጮኸ ገባ፤ ስንት ጊዜ በር ላይ ሳቅ ለብሶ ሲገባ የከረመ ሰው ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ዕዳ እንደሚከፍል ሆኖ አለቀሰ። ኦላና ከሌሊት ፈረቃ ተኝቶ ከነበረበት ብድግ ብሎ ወጣ፤ ሚስቱን አቅፎ፣ የዚያ ክላክስ ሐሳብ የራሱ መሆኑ ትዝ ብሎት፣ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ደፍቶ ሲንሰቀሰቅ ጉሮሮውን መጥረግ ረሳ። ዮዲም አልደነገጠችም።

«አራስ ናት እኮ! ጡቷ ይደርቃል!» ብላ ጮኸች አንዲት አሮጊት። «ሕፃኗን አውጡ! ሕፃኗ ትደነግጣለች! የት አለች ሕፃኗ?»

የት አለች? ሁሉም ዞር ዞር አለ። ዮዲ እጅ ላይ የለችም። አባቷም ጋ የለችም።

አስካለች ናት ያየቻት። አፏን ይዛ በጣቷ ጠቆመች።

የአብስራ በአያቷ ክንድ ላይ ነበረች። ዮዲ ወንድሟን ስትጠራ መቼ እንዳቀበለቻቸው፣ እሳቸውም መቼ እንደተቀበሉ ማንም አላስተዋለም። ወይዘሮ የሺሐረግ መላ ሰውነታቸው በልቅሶ ይናወጣል፤ ልጅቷም አብራ ትናወጣለች፤ የእንባ ጠብታ ግንባሯ ላይ አርፏል። ጭንቅላቷ ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ አፏ ገርበብ ብሎ፣ እምቢ ባለችው ክንድ ላይ ተኝታለች። ሁለቱም እጆቿ ተከፍተዋል።

ለቅሶው ቀስ በቀስ ረገበ። ሰው አንድ በአንድ ዝም አለ። ግቢውን የሞላው ሕዝብ አንዲት ሕፃን ስትተነፍስ እያየ ቆመ። ወይዘሮ የሺሐረግ ትንፋሻቸውን ሊይዙ አሉና ተዉት፤ ለቀቁት። ልጅቷም ለቀቀች። የከረመችበት ጥበቃ አልቆላት፣ ይመጣል ያለችው መጥቶ፣ ሰምታው፣ ያረፈች ትመስላለች።

ዮዲ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች፣ እንባዋ በፊቷ ላይ እየወረደ። «አልቅሱለት። አትነቃም።»